ከሰል ሲያነቃ የተያዘው መምህር

ጉንፋንን የመሰለ የተናቀ በሽታ የለም። ሰው ወባ ያዘኝ ሲል ወንበር ይለቀቅለታል፤ ጉንፋን ያዘኝ ሲል ግን "እሱማ ማንን ለቀቀ!" ተብሎ ወሬው ይቀጥላል። እኔም ንቄው ነበር። ዛሬ አንድ ሰው አፍንጫዬ ተዘጋ ብሎ ሲያጉረመርም ከሰማሁ፣ "ወዳጄ፣ እስኪከፈትልህ ድረስ በርሜል አትዋስ፣ ማር አትበጥብጥ፣ የሰው ሠርግ አጠገብ አትድረስ" ብዬ እመክረዋለሁ። ይስቃል። ይሳቅ፤ እኔም ሳይደርስብኝ ስቄ ነበር።

ነገሩ የሆነው በደርግ ጊዜ፣ አሰበ ተፈሪ መምህር ሳለሁ ነው። ግራ መጋባት ዕጣዬ መሆኑን ገና ስደርስ ማወቅ ነበረብኝ። አውቶቡሱ "አሰበ ተፈሪ!" ብሎ ጭኖኝ "ጭሮ ደርሰናል፣ ውረዱ!" አለ። እኔ ጂኦግራፊ ላስተምር የተመደብኩት ሰው "እኔ እስከ አሰበ ተፈሪ ነኝ" ብዬ ወንበሬን አልለቅም አልኩ። ረዳቱ ለመነኝ፣ ተሳፋሪው ለመነኝ። በመጨረሻ አንድ ጫት ነጋዴ፣ "ጌታዬ፣ ከተማው አንድ ነው፤ መንግሥት ሲጠራው አሰበ ተፈሪ፣ እናቱ ስትጠራው ጭሮ ነው" ብሎ አስረድቶኝ ወረድኩ።

ጂኦግራፊውንም ብዙ አላስተማርኩም። የኬሚስትሪው መምህር ወደ ሌላ ክፍለ ሀገር ተዛወረ፤ ምትክ አልመጣም። ርዕሰ መምህሩ ቢሯቸው ጠርተው "ካርታ ማንበብ የቻለ ሰው ፎርሙላ ማንበብ አያቅተውም" አሉኝ። እንዴት እንደማያቅተው አልነገሩኝም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ማታ ያነበብኩትን ጠዋት አስተምራለሁ። ተማሪዎቼ አንድ ምዕራፍ ከፊቴ ቢያነቡ ኖሮ እኔ ወደ ዴስኩ እነሱ ወደ ሰሌዳው መዛወራችን አይቀርም ነበር።

የምኖረው በሐጂ ሸምሱ ግቢ፣ በአንዲት የኪራይ ክፍል ነበር። ሐጂ በጃንሆይ ጊዜ መካ ደርሰው የተመለሱ፣ ቤተሰቦቻቸው ከስልጤ የመጡ የጨርቃ ጨርቅ ነጋዴ ናቸው። ረጅም፣ ቀጭን፣ ድምፃቸውን ከፍ የማያደርጉ ሰው። ባለቤታቸው ወይዘሮ ዘይነባ ደግሞ የእሳቸውንም ድርሻ ጨምረው ከፍ ያደርጉታል። ሁለቱም እንደ ልጃቸው ነበር የሚያዩኝ። እራት ሳይልኩልኝ አይበሉም፤ ምሳ ሰዓት ካልታየሁ ሰው ይልካሉ። ስለዚህ ልጃቸው ሙና ልትዳር ነው ሲባል እኔም እንደ ወንድሟ የሸሚዜን እጅጌ ጠቅልዬ ተነሣሁ። ያ እጅጌ ሳይጠቀለል ቢቀር ኖሮ እላለሁ እስከ ዛሬ።

ሙናን የሚያገባት የመቻራ ቡና ነጋዴ ልጅ ነው። የሙሽራው አባት ኦቦ አልዪ ይባላሉ። ወይዘሮ ዘይነባ ስለ እሳቸው ሲያወሩ ድምፃቸውን ዝቅ ያደርጉ ነበር፤ ይህ በራሱ አስደንጋጭ ነው። ሰውዬው በአፍንጫቸው የታወቁ ናቸው። ከጆንያ አንዲት ፍሬ አንሥተው ያሸቱና ቡናው በየትኛው ቁልቁለት እንደበቀለ፣ ዝናብ ነክቶት እንደሆነ፣ አጠገቡ ፍየል ታስሮ እንደነበረ ይናገራሉ ይባላል። ያልጣማቸውን ጭነት ሙሉውን ይመልሱታል። "እኚህ ሰው ቤቴ ገብተው ምን ያሸቱ ይሆን?" እያሉ ወይዘሮ ዘይነባ ግድግዳውን ሳይቀር አጠቡት።

ለሠርጉ መጠጥ የታሰበው ብርዝ ነበር። ማሩ ከመሰላ በኩል ከዘመድ ከወዳጅ ሲሰበሰብ የከረመ ነው፤ ወቅቱ አልፏል፣ ሌላ አይገኝም። ችግሩ ውሃው ነበር። ያን ሰሞን የቧንቧው ውሃ ከጠፋ ሰንብቷል፤ በአህያ የሚመጣውን ማጠራቀሚያ ያስፈልጋል። ሐጂ "መምህር፣ ንጹሕ በርሜል ፈልግልኝ" አሉኝ።

ፈለግኩ። አንድ ጋራዥ ጓሮ ተጋድሞ አገኘሁ። ዘበኛውን "ምን ነበረበት?" አልኩት።

"ምንም አልነበረበትም።"

"ታጥቧል?"

"ምንም ካልነበረበት ምኑ ይታጠባል?"

ይህ መልስ ያኔ በጣም ምክንያታዊ መስሎኝ ነበር። ቢሆንም የሳይንስ መምህር ነኝና ጭንቅላቴን በርሜሉ ውስጥ ከትቼ በረጅሙ አሸተትኩ። ምንም አይሸትም። ያን ሰሞን ጉንፋን ይዞኝ አፍንጫዬ ተዘግቶ ነበርና እንኳን በርሜሉ፣ በርሜሉ ውስጥ ጅብ ቢሞትበትም ምንም አይሸተኝም ነበር። አንከባልዬ ወሰድኩት፣ አስሞላሁት። ወይዘሮ ዘይነባ ከጎረቤት ሴቶች ጋር ሩዝ ሲለቅሙ አይቼ ልርዳቸው አልኩና ማሩን በሙሉ ገልብጬ፣ በጥብጬ፣ ሸማ አልብሼ ተቀመጥኩ። እንደዚያ ቀን በራሴ የኮራሁበት ጊዜ ትዝ አይለኝም።

ሐጂ ከመስጊድ ሲመለሱ ገና በሩ ላይ ቆመው፣ "ዘይነባ! ፋኖስ ማን ደፋ?" አሉ።

ፋኖስ ፍለጋ ተጀመረ። አልጋ ሥር ታየ፣ ጓዳ ታየ፣ የእኔም ክፍል ተፈተሸ። ፋኖሱ ሁሉ በየቦታው ተሰቅሏል። እኔ ከሁሉም በላይ እየተሯሯጥኩ እፈልግ ነበር። ሐጂ ግን አይሯሯጡም፤ አፍንጫቸውን አስቀድመው ቀስ እያሉ ተራምደው በርሜሉ ላይ ሲደርሱ ቆሙ። ሸማውን ገለጥ አደረጉት። ወይዘሮ ዘይነባ በጭልፋ ቀድተው ቀመሱና ተፉት።

"ያ አላህ! ላምባ! ማሬን! የመሰላ ማሬን!"

ሴቶቹ ሩዙን ትተው ከበቡን። አንዷ "ኦቦ አልዪ ይህን ሲያሸቱ..." ብላ ጀመረችና አልጨረሰችውም። ሙና ከመስኮት አንገቷን ብቅ አድርጋ አየችን፤ መስኮቱን ዘግታው ገባች። ብትሰድበኝ ይሻል ነበር።

እዚህ ላይ ዝም ማለት ነበረብኝ። ግን ሰው ጥፋቱ ሲከብደው ዕውቀቱ ይመጣበታል። ሰሞኑን የማስተምረው ምዕራፍ ካርቦን ነበርና፣ "ሐጂ፣ አይጨነቁ፤ መፍትሔ አለው። የነቃ ከሰል እንሠራለን" አልኳቸው።

"የነቃ ምን?"

"ከሰል። መጽሐፉ እንደሚለው ከሰል ውስጡ ቀዳዳ ነው። በቀዳዳው ውስጥ ቀዳዳ አለ፣ በዚያም ውስጥ ሌላ ቀዳዳ አለ። በእሳትና በእንፋሎት ሲታከም የተደፈኑት ይከፈታሉ፤ ነቃ የሚባለው ያኔ ነው። መጥፎ ሽታ ይገባና ግድግዳው ላይ ተለጥፎ ይቀራል።"

"ይመጥጠዋል ማለት ነው?"

"አይ፣ መምጠጥ አይደለም፤ መለጠፍ ነው" አልኩ። ልዩነቱን ለተማሪዎቼም እንዲሁ ብዬ ነው ያለፍኩት፤ ለራሴም አልገባኝም። "ስኳር ያነጡበታል፣ መርዝ የጠጣ ሰው ይታከምበታል፣ መርዘኛ ጭስ ያጠሩበታል።" ስኳር ያነጡበታል የምትለዋን ቃል ያኔ ልብ ብያት ቢሆን ኖሮ! ግን ልብ አላልኳትም።

ሐጂ አሰብ አደረጉና "ገብቶ የማይወጣ ከሆነ ተከራይ ነው በለኛ" አሉ። ከዚያም ወደ ሙና መስኮት አይተው "እስቲ ቢስሚላህ ብለህ ጀምር" አሉኝ።

ገበያ ወጣሁ። ከሰል የምትሸጠው ሃዳ ሙሜ ጆንያዋ ላይ ተቀምጣ ጫቷን ትቅማለች። አማርኛዋ ከኦሮምኛዋ ጋር ተቀላቅሎ ነው የሚመጣው፤ መምህር ስለሆንኩ በኦሮምኛ "በርሲሳ" ትለኛለች።

"ሃዳ ሙሜ፣ ይሄ ከሰል ከምን እንጨት ነው?"

"ግራር። ወላሂ ደረቅ ነው፣ አይጨስም።"

"ያልነቃ ነው አይደል?"

መቃሟን አቆመች። "ማሊ?"

"ማለቴ ገና አልነቃም፤ እኔ ወስጄ ነው የማነቃው።"

ጆንያውን አየችው፣ እኔን አየችኝ። "በርሲሳ፣ ይሄ ከሰል ነው። አይተኛም፣ አይነሣም።" ከዚያ ወደ ጎረቤቷ ዞራ በኦሮምኛ የሆነ ነገር አለቻት፤ ጎረቤቷም ከንፈሯን መጠጠችልኝ። ሃዳ ሙሜ ከሰሉን መርጣ ሰጠችኝና "ረቢ ይማርህ" ብላ ሸኘችኝ። ለጉንፋኔ መስሎኝ "አሜን" አልኩ።

ቀጥሎ እሳት ያስፈልጋል። መጽሐፉ ከሰሉ ቀይ እስኪሆን፣ ነፋስ ሳይነካው ግሎ፣ እንፋሎት ይሂድበት ይላል። እንደዚያ የሚያግል እሳት በከተማው ያለው ዳቦ ቤት ነው። ዳቦ ጋጋሪው አቶ ሰይፉ የሐጂ ወዳጅ ስለሆነ "ዳቦዬን ብቻ እንዳትነካብኝ" ብሎ ከምድጃው አንድ ጥግ ፈቀደልኝ። ከሰሉን ወቅጬ የዱቄት ወተት ጣሳ ሞላሁ፣ ክዳኑን በጭቃ መረግኩ፣ አንድ ቀዳዳ ለእንፋሎት መግቢያ፣ አንድ ለመውጫ ተውኩ። የሻይ ማንቆርቆሪያ እሳት ላይ ጥጄ አፉን በመዳብ ቱቦ ከመግቢያው ጋር አገናኘሁት። ከዚያ ጣሳውን ስመለከት ሁለት ቀዳዳ ታየኝ። ነፋስ ሳይነካው ነው የሚለው መጽሐፉ፤ ይሄ መውጫ የተባለው ነፋስ ያስገባ ይሆን? ትንሽ ተጠራጠርኩ። ስጠራጠር አንድ ነገር ማድረግ እወዳለሁ። በጭቃ ደፈንኩት።

የሆነውን አላየሁም፤ ሰማሁት እንጂ። ዓይኔን ስገልጥ አቶ ሰይፉ ጥርሱና የዓይኑ ነጭ ብቻ ይታያል። መደርደሪያው ላይ የነበረው ትኩስ ዳቦ በሙሉ ጥቁር ሆኗል። የጣሳው ክዳን ጣሪያው ላይ ተሰክቷል።

ዳቦ በሰልፍ የሚገዛበት ዘመን ነው። ውጪ የተሰለፈው ሕዝብ መጀመሪያ መሬት ተኛ። ቀጥሎ ተነሥቶ፣ ተራውን እንዳይነጠቅ በያለበት ቆሞ ማውራት ጀመረ። "ጎማ ፈነዳ" ያለ ነበር፤ "ቦንብ ነው" ያለም ነበር። ከኋላ ያለ አንድ ሰው ግን ወደ ውስጥ አጮልቆ "ዳቦውን አጥቁረውታል! አሻጥር ነው!" አለ። አሻጥር የሚለው ቃል በዚያ ዘመን ከቦንብ ይበልጥ ያስደነግጥ ነበር። ቦንብ ፈንድቶ ያልቃል።

የቀበሌው ካድሬ ጓድ ግርማ ወዲያው ደረሰ። ካኪ ለባሽ፣ ሁልጊዜ ሆዱን በአንድ እጁ ደገፍ አድርጎ የሚሄድ ወጣት ነው። ከኋላው ጠመንጃ የያዘ አንድ የቀበሌ ጥበቃ አለ። ጓድ ግርማ አቶ ሰይፉን አየ፣ ዳቦውን አየ፣ ጣሪያውን አየ፣ ከዚያ እኔ ላይ ቆመ።

"መምህር፣ እዚህ ምን ታደርጋለህ?"

"ከሰል እያነቃሁ ነበር፣ ጓድ።"

በዳቦ ቤቱ ግድግዳ ላይ በትልልቅ ፊደል "ንቃ! ተደራጅ! ታጠቅ!" ተብሎ ተጽፏል። ሁላችንም አንድ ጊዜ ወደዚያ አየን። ማየት አልነበረብንም።

"ታነቃለህ?"

"አዎ። ገና ስላልነቃ።"

"ማንቃት የማን ሥራ እንደሆነ ታውቃለህ?"

"መጽሐፉ ላይ በእሳትና በእንፋሎት ነው የሚለው።"

"እሺ፤ ካነቃኸው በኋላስ?"

እኔ ስለ ማጣሪያው ነበር የማስበው። "ከዚያማ በረድፍ በረድፍ አደራጀዋለሁ" አልኩ።

ጥበቃው ጠመንጃውን ከትከሻው አወረደ። ጓድ ግርማ ዝቅ ባለ ድምፅ "ቀጥሎስ? ልታስታጥቀው ነው?" አለኝ። አቶ ሰይፉ ከጀርባዬ "እኔ ምድጃ ነው ያከራየሁት" ሲል ተሰማ።

ወደ ቀበሌው ጽሕፈት ቤት ተወሰድኩ። መንገድ ላይ ያየኝ ሁሉ ያዝንልኛል፤ ፊቴ ከሰል ስለሆነ ማን እንደሆንኩ ግን ያወቀ የለም። ያኔ ነው መፍራት የጀመርኩት። ጨዋታ አልነበረም። ከዚህ ባነሰ ቃል እስር ቤት ገብተው የቆዩ ሰዎች ነበሩ። የማስበው ግን ስለ ራሴ ብቻ አልነበረም፤ እኔ እዚህ ከቀረሁ ሐጂ በዚያ በርሜል ምን ሊያደርጉ ነው?

ጓድ ግርማ ጠረጴዛው ጋ ተቀመጠና "ከመጀመሪያው አስረዳኝ" አለ። ስለ ቀዳዳው አስረዳሁት። አልገባውም። እኔም እያስረዳሁ በሄድኩ ቁጥር የነበረኝ ይጠፋብኝ ጀመር። በቀላሉ ላስረዳው ብዬ፣ "ለምሳሌ አንድ ጭብጥ የነቃ ከሰል ውስጡ ተገልብጦ ቢዘረጋ ከኳስ ሜዳ ይሰፋል" አልኩ።

"ምን ቢዘረጋ?"

"ውስጡ። ስፋቱ።"

"መሬት ነው የምትለኝ?"

"በመሬት ሲለካ ማለቴ ነው።"

"አንድ ጭብጥ የኳስ ሜዳ ከሆነ አንድ ጆንያስ?"

አሰብኩና "ብዙ ጋሻ ይሆናል፣ ጓድ" አልኩ። ወዲያው መሬት የተወረሰበት ዘመን መሆኑ ትዝ አለኝ። እሱም ትዝ ብሎታል። "ስለዚህ ሐጂ ሸምሱ በከሰል መልክ..." ብሎ ጀመረና የት ሊያደርሰው እንደሆነ ግራ ገብቶት ተወው።

"በተግባር ላሳይ" አልኩ። ሸሚዜ ላይ የተራገፈው ከሰል ለማሳያ ይበቃል። ወረቀት እንደ ቀንድ ጠቀለልኩ፣ ጫፉ ላይ ጥጥ ወተፍኩ፣ ከሰሉን ሞላሁበት። ከጠረጴዛው ላይ ያገኘሁትን የቀለም ጠርሙስ ከፍቼ ጥቂት ጠብታ ብርጭቆ ውሃ ውስጥ ጨመርኩና ከላይ አፈሰስኩት። ጠብ፣ ጠብ እያለ ከታች ንጹሕ፣ እንደ ምንጭ የጠራ ውሃ ወጣ። ደስ አለኝ። በሕይወቴ አንድ ሙከራ ሲሳካልኝ የመጀመሪያዬ ነበር። ቀና ስል ማንም ደስ አላለውም። የቀለሙን ጠርሙስ ያኔ ነው ያየሁት።

ቀይ ነበር።

ቀዩ ገባ፣ ነጩ ወጣ። በካድሬ ፊት። ያን ዘመን ያለፈ አንባቢ የቀሩትን ቃላት ራሱ ይሙላ።

ጓድ ግርማ ቀስ ብሎ ተነሣ። "ቀዩ የት ሄደ?"

"አልጠፋም፣ ጓድ! ከሰሉ ውስጥ ተደብቋል።"

"ተደብቋል ነው ያልከው?"

"ማለቴ... ተለጥፏል።"

ወረቀቱን ከእጄ ተቀበለና ከሰሉን መዳፉ ላይ ገለበጠው። በጣቱ አሸው። ወደ ብርሃን አቀረበው። ፊቱ ቀስ በቀስ ተለወጠ። "ይሄን ነገር የማውቀው ይመስለኛል" አለ።

ጓድ ግርማ ለሥልጠና አንድ የሶሻሊስት አገር ሄዶ ነበር። እዚያ ጥቅል ጎመን በጨው አቡክተው ቁርስም እራትም ሲያቀርቡለት ሆዱ አልተቀበለውም። ነርሷ ጥቁር ክኒን ትሰጠው ነበር። "ከሰል ነው ስትለኝ ስለ ጥቁርነቴ የምትቀልድ መስሎኝ ተቀይሜያት ነበር" አለ፤ ድምፁ የሆነ ናፍቆት ነበረበት። "ስሙን 'አክቲቭ' ምንትስ ነበር የምትለው። ሆዴን ግን ቀጥ አድርጎልኝ ነበር። ከመጣሁ ወዲህ አላገኘሁትም።"

"አክቲቭ ማለት የነቃ ነው፣ ጓድ!" አልኩ።

"ሶሻሊስት አገር ያነቁታል ማለት ነው?"

"ከኛ ቀድመው።"

ነገሩ በዚህ ተለወጠ። ጓድ ግርማ ተረጋግቶ ተቀመጠ፣ ለጥበቃው "ውሃ አምጣለት፣ ፊቱን ይታጠብ" አለ። እያስለቀቀኝ ሳለ መዳፉ ላይ የነበረውን ከሰል በወረቀት ሲጠቀልል አየሁና "ጓድ፣ ይሄ ቀለም የጠጣ ነው፤ ለሆድ አይሆንም" አልኩት። "ነገሩ ገብቶኛል" ብሎ ኪሱ ከተተው። ምን እንደገባው አላውቅም። የውይይት ክበቡ ላይ ስለ ከሰል ንቃት ትምህርት እንድሰጥም ቀጠሮ ያዘልኝ፤ በኋላ ራሱ ረሳው፣ እኔም አላስታወስኩትም።

ወደ ዳቦ ቤቱ ስመለስ አቶ ሰይፉ ሊገድለኝ ነው ብዬ ነበር። ስቆ ተቀበለኝ። ጓድ ግርማ "ይሄ ጥቁር ነገር ለሆድ ጥሩ ነው" ማለቱ ከእኔ ቀድሞ ደርሶ፣ ጥቁሩ ዳቦ በሽሚያ አልቋል። እንዲያውም አንዲት ሴትዮ ነጩን አልፈልግም ብላ ተጣልታዋለች። "ነገም ታፈነዳልኛለህ?" አለኝ። ሌላ ጣሳ ሞልቼ፣ በዚህ ጊዜ ሁለቱንም ቀዳዳ ክፍት ተውኳቸው። እንፋሎቱ በአንዱ ገብቶ በሌላው ወጣ፤ ከሰሉ ቀይ ሆኖ ጋለ፣ በዝግታ ቀዘቀዘ፤ ምንም አልፈነዳም። አቶ ሰይፉ ትንሽ ቅር አለው።

ሐጂ ግቢ ውስጥ ሥራው ቀጠለ። ታችዋ የተቆረጠች ጀሪካን ዘቅዝቀን ሰቀልን፤ ከሥር ሻሽ፣ ከዚያ ጠጠር፣ ከዚያ አሸዋ፣ ከዚያ ከሰሉን ደረደርን። የመጀመሪያው ብርዝ ሲወርድ ቀለም መሰለ። ወይዘሮ ዘይነባ ፊታቸውን አዞሩ። አፈሰስነው፣ ከሰሉን አጠብነው፣ ደገምነው። ግራጫ ሆነ። ደጋገምነው። በመጨረሻ ጠርቶ ወረደ።

ሐጂ አንድ ብርጭቆ ቀድተው "መጀመሪያ አንተ" አሉኝ። ጠጣሁ። ሁሉም አፌን አፌን ያያል። "እንዴት ነው?" አሉ። እንዴት እንደሆነ በምን ልወቀው? ጉንፋኔ እንዳለ ነው፤ ነዳጅ ማደያ ቢያጠጡኝም ለኔ ውሃ ነው። "አልሞትኩም" አልኩ። ሐጂ ራሳቸው ተቀብለው አሸተቱ። እንደገና አሸተቱ። "ላምባው የለም" አሉ። ግቢው እልል አለ።

እልልታው ሳያልቅ ወይዘሮ ዘይነባ ብርጭቆውን ወደ ፀሐይ አንሥተው አዩት። "ማሩስ?"

"ምን ሆነ?"

"ወርቅ የመሰለ ብርዝ ነበር። ይሄ ውሃ ነው።" ቀመሱት። ግራ ገባቸው። "ይጣፍጣል። ግን ማር ማር አይልም። ምንም ምንም አይልም። መምህር፣ ላምባውን አውጣ አልኩህ እንጂ ማሬን አውጣ አልኩህ?"

"ከሰሉ አይመርጥም፣ እማማ" አልኩ አንገቴን ደፍቼ። "ቀለምም ሽታም ያገኘውን ነው የሚይዘው። ጣፋጩን ብቻ ነው የተወው።"

ሐጂ ራሳቸውን ነቀነቁ። "ፍርድ የማያውቅ ከሰል" አሉ።

ሌላ የሚደረግ ነገር አልነበረም። ሠርጉ ደረሰ። የመቻራ ሰዎች ያንን ጎርባጣ መንገድ ወርደው፣ አቧራ ለብሰው፣ በጭነት መኪናና በላንድሮቨር መጡ። ኦቦ አልዪ እንደፈራነው ሳይሆን አጭር፣ ሳቂታ ሽማግሌ ናቸው፤ አፍንጫቸው ግን እውነት ነው፣ ከሳቸው ቀድሞ ነው የገባው። ድንኳኑ ውስጥ የክብር ቦታቸው ላይ ተቀመጡ። ብርጭቆው ተዞረ።

መጀመሪያ የመጣው ማጉረምረም ነው። "ውሃ? ለሠርግ ጠርተው ውሃ?" ኦቦ አልዪ ብርጭቆውን ወደ አፍንጫቸው አቀረቡ። እኔ የድንኳኑን ምሰሶ ከኋላው አቅፌ ቆምኩ። አሸተቱ። ግንባራቸው ተኮማተረ። አራቁት፣ እንደገና አቀረቡት። ዕድሜያቸውን ሙሉ አንድ ነገር ሳይሸታቸው ቀርቶ አያውቅም መሰለኝ፤ የጠፋበት ሰው ሆኑ። ከዚያ ቀመሱ። ብርጭቆውን ከላይ አዩት፣ አንሥተው ከሥር አዩት፣ ለጎረቤታቸው አቀበሉት።

ሁሉም ይቀምሳል፣ ሁሉም እርስ በርሱ ይተያያል። አንድ ፂማቸው የነጣ ሽማግሌ በቀስታ፣ "ሐጂ፣ ይህ ውሃ... ከዚያ ያመጡት ነው?" አሉ በእጃቸው ወደ ምሥራቅ፣ ወይም ወደ ሰሜን፣ ብቻ ወደ መካ መሆኑ ነው እያመለከቱ። ያኔ አንዱ ብርጭቆውን ግንባሩ ላይ አደረገ። ሌላው "ቢስሚላህ" ብሎ በሁለት እጁ ይዞ ጠጣ። አንዲት እናት የታመመ ልጇን ልታመጣ ተነሣች።

ሐጂ ዝም ቢሉ ኖሮ የቤታቸው ክብር እስከ ሐረር በተሰማ ነበር። ማንም አይጠይቃቸው፣ ማንም አያውቅባቸው። ወይዘሮ ዘይነባ እንኳ ከሴቶቹ በኩል ሆነው ዝም በሉ የሚል ዓይን ወርውረውባቸዋል። ሐጂ ግን ተነሡ።

"አስተግፊሩላህ! ወንድሞቼ፣ ይህ የተባረከ ውሃ አይደለም። ብርዝ ነው። ለናንተ የተዘጋጀ የመሰላ ማር ነበር፤ ሳናውቅ ላምባ የነካው በርሜል ውስጥ ገባ። መምህሩ በከሰል አጥቦ አጠራው፤ ከሰሉ ላምባውንም ወሰደ፣ የማሩንም ወዝ ወሰደ። ያፈርኩበት ይኸው ነው።"

ምሰሶዬን ይበልጥ አቀፍኩት። ሁሉም ወደ ኦቦ አልዪ ዞረ። ሽማግሌው ብርጭቋቸውን ከጎረቤታቸው መልሰው ወሰዱ። ከዚያ ባዶውን ዘረጉት።

"ጨምሩልኝ" አሉ። "የረጠበ ቡና ከሥር ደብቆ ደረቁን ከላይ የሚያሳየኝ ሰው ብዙ አይቻለሁ። የሥሩን ራሱ አውጥቶ ሲያሳይ ዛሬ አየሁ። ልጃችን የመጣችው ከዚህ ቤት ከሆነ አልሐምዱሊላህ።"

ከዚያ በኋላ የሆነው ሠርግ ነው፤ ሠርግ ሁሉ እንደሚሆነው ሆነ። በርሜሉ እስከ ጠብታው አለቀ። ሊሸኙ ሲወጡ ኦቦ አልዪ ምሰሶው ጋ አገኙኝና እጄን ያዙ። "በርሲሳ፣ አንተ ነህ አይደል? ስማኝ፤ አንድ ጭነት ቡና አለኝ፣ መኪናው ላይ ላምባ ፈሶበታል። ከሰልህ ያጠራልኛል?"

አሰብኩት። የመቻራ ቡና በአንድ በኩል ሲገባ፣ በሌላው በኩል ትኩስ፣ የጠራ፣ ምንም ምንም የማይል ውሃ ሲወጣ ታየኝ። የቡና ነጋዴ ሁሉ ብርጭቆውን ከሥር ሲያይ ታየኝ።

"አላውቅም" አልኳቸው። ያን ሰሞን ከአፌ የወጣ ትክክለኛ የሳይንስ መልስ ቢኖር ያ ብቻ ነው።

ሳቁና ትከሻዬን መታ መታ አደረጉኝ። "ያውቃል የተባለ ሰው ብዙ ቡና አበላሽቶብኛል። አላውቅም የሚል እስካሁን አንድ ፍሬ አላበላሸብኝም" ብለው ወደ መኪናቸው ሄዱ።

ሙና ከኋላ ወንበር ሆና በመሸፈኛዋ ሥር እጇን አወዛወዘችልን፤ ወደ እኔ ስትደርስ የሳቀች መሰለኝ። መኪኖቹ አቧራቸውን አስነሥተው የመቻራን መንገድ ያዙ። ወይዘሮ ዘይነባ በሩ ላይ ቆመው ስቅስቅ ብለው አለቀሱ፤ ሐጂ ትከሻቸውን ይዘው ያባብሏቸዋል፣ እኔም አጠገባቸው ቆሜ "አይዞዎት፣ አይዞዎት" እላለሁ። ያለቀሱት ለልጃቸው ይሁን ለማራቸው ግን እስከ ዛሬ አልገባኝም።